«ፕሮቲኑ ኩላሊቴን ጨርሶት ይሆን?»

ጥያቄው ከአንድ የአዲስ አበባ ወጣት ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ዕድሜዬ 24፣ ክብደቴ 68 ኪሎ ነው። ብረት ማንሳት ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ በቀን ሁለት ስኩፕ (በጣሳው መስፈሪያ ማንኪያ) ዌይ ፕሮቲን በወተት በጥብጬ እጠጣለሁ። አሠልጣኜ ክሬቲን ጨምርበት ብሎኝ እሱንም ጀምሬያለሁ። ሆዴ ይነፋል፣ ጋዙ ሰው መሃል አላስቀምጥ ብሎኛል፣ ጀርባዬን ብጉር ወርሶታል። ሰሞኑን ለሌላ ጉዳይ ደም ስሰጥ ክሪአቲኒንህ 1.4 ነው፣ ከፍ ብሏል አሉኝ። እናቴ ኩላሊትህን ጨረስከው ብላ ጣሳውን ልትጥለው ነው። ጓደኛዬ ደግሞ መሃን ያደርጋል ይላል። ላቁመው? ጾም ሲገባስ ምን ልውሰድ?»

ከክሪአቲኒኑ ልጀምር፤ ቤቱን ያመሰው እሱ ነውና። ክሪአቲኒን ጡንቻ ሲሠራ የሚወጣ ተረፈ ነገር ነው። ኩላሊት ከደም አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሐኪም የሚለካውም ለዚህ ነው። ቁጥሩ ግን በሌላ ምክንያትም ይወጣል። አሠልጣኝህ የሰጠህ ክሬቲን፣ ጡንቻ ጉልበት እንዲያገኝ የሚወሰደው ዱቄት፣ ሰውነትህ ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚለወጠው ወደዚሁ ወደ ክሪአቲኒን ነው። ስማቸው የተመሳሰለው በአጋጣሚ አይደለም። ስለዚህ ክሬቲን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ምንም ሳይሆን ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ጡንቻ የጨመረ ሰውም እንደዚያው ነው። ከምርመራው በፊት በነበረው ማታ ጥብስ የበላ ሰውም እንዲሁ፤ ሥጋ ውስጥ ያለው ክሬቲን እሳት ሲነካው ከፊሉ ክሪአቲኒን ይሆናልና። በዋዜማው እግር ሠርተህ ከነበረ ደግሞ እሱም የራሱን ጨምሯል።

ይህን የምልህ 1.4 ችግር የለውም ልልህ አይደለም። አንዱ ቁጥር ብቻውን ኩላሊትህ ተጎድቷልም፣ ደህና ነውም አይልም። የሚለየው ከጎኑ የሚሠሩት ምርመራዎች ናቸው። የሽንት ምርመራ ፕሮቲን ወይም ደም ወደ ሽንት እየፈሰሰ መሆኑን ያሳያል። የደም ግፊትህ መለካት አለበት። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ የትም ይገኛሉ፣ ግን ወጣት ስለሆንክ ማንም አላዘዘልህም። ግራ ካጋባ ደግሞ ሲስታቲን ሲ የሚባል የደም ምርመራ አለ። እሱ የጡንቻ ብዛት ብዙም አያታልለውም፤ የሚሠራው ላብራቶሪ ግን ጥቂት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከጂም እንደወጣህ ሽንት አትስጥ። ከባድ ስፖርት ራሱ ለአንድ ሁለት ቀን ፕሮቲን ሽንት ውስጥ እንዲታይ ያደርጋል፤ ሁለት ቀን ዐርፈህ ሂድ።

ወደ እናትህ ልምጣ። የእሳቸው ፍርሃት እንዲሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኩላሊቱ አስቀድሞ የታመመ ሰው ፕሮቲን ቀንስ ይባላል፤ እጥበት ላይ ያልደረሰ ታማሚ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም አካባቢ እንዲወስድ ይመከራል። ይህ ምክር ከሰው ሰው ሲተላለፍ «ፕሮቲን ኩላሊት ይጨርሳል» ሆኖ አረፈ። እግሩ የተሰበረን ሰው አትሩጥ ማለት ግን ሩጫ እግር ይሰብራል ማለት አይደለም። ፕሮቲን ሰውነት ውስጥ ሲፈራርስ ናይትሮጅኑ ጉበት ላይ ዩሪያ ይሆንና በኩላሊት ይወጣል። ብዙ ስትበላ ኩላሊት የማጣራት ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ጤነኛው ይህን ይችለዋል። ብረት የሚያነሱ ጤነኛ ሰዎች በኪሎ ከ2 ግራም በላይ እየወሰዱ ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለአንድ ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎላቸው የኩላሊት ጉዳት አልታየም። ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው፣ ጊዜያቸውም አጭር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በቀን ሦስት ስኩፕ የጠጣ ሰው ላይ የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ ከልክ በላይ መጫኑ ምንም አያመጣም የሚልህ አሠልጣኝም ከሚያውቀው በላይ እያወራ ነው።

ዋናው ችግር «ጤነኛ ኩላሊት» የምትለዋ ናት። የኩላሊት ሕመም ሲጀምር አያምም። ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ ቤተሰቡ ውስጥ እጥበት ላይ ያለ ሰው ያለው፣ በአንድ ኩላሊት የሚኖር ሰው ጣሳ ከመግዛቱ በፊት ይመርመር። ሌላም አለ፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ጂም የሚሠሩ ልጆች ሰውነታቸው ሲተሳሰር ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ገዝተው እንደ ከረሜላ ይውጣሉ። ላብ ያደረቀው ሰውነት፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ በዚያ ላይ ዳይክሎፌናክ። ይህ ለኩላሊት ከፕሮቲኑ የበለጠ አደጋ ነው፤ ግን ስለ እሱ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። አንተም አልጻፍክልኝም፤ የምትወስድ ከሆነ መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ነው።

ሆድህ ሌላ ታሪክ ነው፣ ይሄኛው ከጣሳው ሳይሆን አይቀርም። ዌይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አጓት ነው። አሬራው ተጥዶ አይቡ ከላይ ሲረጋ ከሥር የሚቀረው ቢጫማ ውሃ፣ ገጠር ለጥጃ የሚሰጠው፣ ልጅ ሆነን በጣሳ የጠጣነው። ፈረንጅ ቺዝ ሲሠራ የሚቀረውን አጓት አጣርቶ፣ አድርቆ፣ ቫኒላ ጨምሮ ይሸጥልሃል። እና አጓት ውስጥ ላክቶስ አለ፣ የወተት ስኳር ማለት ነው። ብዙ የአገራችን ሰው ካደገ በኋላ ላክቶስ የሚፈጨው ኢንዛይም ይቀንስበታል። ያልተፈጨው ስኳር ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያ ይጫወትበታል፤ መንፋቱ፣ ጋዙ፣ አንዳንዴም ተቅማጡ ከዚያ ነው። አንተ ደግሞ በወተት ነው የምትበጠብጠው፤ ላክቶስ በላክቶስ ላይ።

ይህን በቤትህ ማጣራት ትችላለህ። አንድ ሳምንት ዱቄቱንም ወተቱንም ተው። ሆድህ ከተረጋጋ አንድ ቀን ጠዋት በባዶ ሆድ ሁለት ብርጭቆ ወተት ጠጣና ጥቂት ሰዓት ጠብቅ። ካጉረመረመ መልሱን አገኘኸው። እርጎና አይብ ግን ላያስቸግሩህ ይችላሉ፤ እርጎው ሲረጋ ባክቴሪያው ከፊሉን ላክቶስ በልቶታል፣ ከአይቡ ደግሞ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ወጥቷል። ዱቄቱን መቀጠል ከፈለግክ መለያው ላይ «ኮንሰንትሬት» ከሚለው ይልቅ «አይሶሌት» የሚለውን ፈልግ። አይሶሌት የበለጠ የተጣራ ስለሆነ ላክቶሱ በጣም ትንሽ ነው፤ ዋጋው ግን ይወጣል። በውሃ በጥብጠው። ሁለቱን ስኩፕ ባንዴ አትገልብጠው። ማጣፈጫዎቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ሱክራሎዝ፣ ማልቲቶል፣ ማወፈሪያ ሙጫዎች፣ አንዳንድ ሆድ እነሱንም አይወድም። የላክቶስ አለመስማማት ከወተት አለርጂ ጋር ግን እንዳይምታታብህ። ከጠጣህ በኋላ ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት በሽፍታ ካሳከከ፣ ትንፋሽ ካጠረ ያ አለርጂ ነው። አይሶሌትም አያድንህም፤ የወተት ነገር በሙሉ ይቀራል፣ ወደ ሕክምናም ትሮጣለህ።

ብጉሩ? ዌይ ኢንሱሊንን ከፍ ያደርጋል፣ ሌሎች የእድገት ምልክት ሰጪዎችንም እንዲሁ፤ እነሱ የቆዳ ዘይት አመንጪዎችን ይቀሰቅሳሉ። ዌይ ከጀመሩ በኋላ ጀርባቸውና ደረታቸው የፈነዳ፣ ሲያቆሙ የተሻላቸው ወጣቶች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተመዝግበዋል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም፤ ለብጉር የተጋለጠ ቆዳ ላይ ይበረታል። ግን የጀርባ ብጉር ሲባል ሌላም ነገር ይታየኛል፣ እሱ ከጓደኛህ ጥያቄ ጋር ይገናኛል።

ፕሮቲን መሃን አያደርግም። ወንድነትንም አይነካም። ይህ ወሬ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት መጣና «ፕሮቲን ከጀመርኩ በኋላ ጡቴን ያመኛል» አለኝ። የምትወስደውን አምጣ ስለው በማግስቱ ጥቁር ፌስታል ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። አንድ የዱቄት ጣሳ፣ ጽሑፉ የተላጠ የክኒን ብልቃጥ፣ ሁለት ዘይትማ አምፑል። አምፑሎቹ ቴስቶስትሮን፣ የወንድ ሆርሞን፣ ነበሩ። ሦስቱንም በአንድ ስም ነበር የሚጠራቸው፣ ፕሮቲን። የሸጠለት ሰው እንደዚያ ብሎት ነዋ። ከውጭ ሆርሞን ሲገባ አንጎል የራሱን ማዘዝ ያቆማል፤ የዘር ፍሬው ይሟሽሻል፣ የዘር ሕዋሱ ቁጥር ይወርዳል፣ ጡት ያብጣል፣ ጀርባ በብጉር ይሸፈናል። በአፍ የሚወሰዱት ደግሞ ጉበት ይጎዳሉ። ጓደኛህ መሃን ሆነ ሲባል የሰማው ሰው ካለ፣ ምናልባት መርፌ ሲወጋ የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ ራስህን እውነቱን ጠይቅ፤ አሠልጣኝህ ከዱቄቱ ሌላ የሰጠህ ነገር አለ?

ባይሰጥህም ጣሳው ራሱ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ያስጠናው አንድ ትልቅ ምርመራ ነበር። ከ13 አገራት የተገዙ 634 የስፖርት ማሟያዎች ሲፈተሹ 94ቱ፣ ማለትም ከመቶ 15 የሚጠጉት፣ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ፣ ማለትም ቴስቶስትሮን መሰል ሆርሞን፣ ተገኘባቸው። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ገበያው ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል፤ ግን በብዙ አገር ዱቄት እንደ መድኃኒት ገበያ ከመግባቱ በፊት ተፈትኖ የሚጸድቅ ነገር አለመሆኑ አልተለወጠም። አሜሪካ ራሷ ከ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ወዲህ የምግብ ማሟያ ከመሸጡ በፊት የመንግሥት ማጽደቂያ አያስፈልገውም። «ከአሜሪካ የመጣ ነው» የሚለው ዋስትና እዚህ ላይ ያልቃል።

ከባድ ብረታ ብረትም አለ። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025 የፕሮቲን ዱቄቶችንና መጠጦችን ሲፈትሽ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ መጠን ብቻ ተቋሙ ለቀን ካስቀመጠው የእርሳስ ልክ አልፈው ተገኝተዋል። ከተክል የተሠሩት ከወተቱ በብዙ የባሱ ነበሩ፤ ተክል ከአፈር ይስባልና። የተቋሙ ልክ በጣም ጥብቅ ነው፣ አንድ ስኩፕ ይመርዝሃል ማለት አይደለም። ግን በቀን ሦስቴ፣ ለዓመታት ሲሆን ይጠራቀማል።

ሦስተኛው ማጭበርበር ነው። ላብራቶሪ ፕሮቲንን የሚለካው ብዙ ጊዜ ናይትሮጅኑን ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ናይትሮጅን ያላቸውን ርካሽ አሚኖ አሲዶች፣ ግላይሲን ወይም ታውሪን፣ የቀላቀለበት አምራች ቁጥሩን ያሳምራል፤ ለጡንቻህ ግን ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ የሕፃናት ወተት ላይ ሜላሚን፣ ናይትሮጅን የበዛበት የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል፣ የጨመሩትም በዚሁ ዘዴ ነበር፤ ያኔ ወደ 300,000 ሕፃናት ታመሙ፣ ብዙዎቹም በኩላሊት ጠጠር። እኛ ጋ ደግሞ የተከፈተ ጣሳ ላይ በላስቲክ እየመዘኑ መሸጥ አለ። ይህን በምንም ዋጋ አትግዛ። ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ ያልተነካ፣ የባች ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ ያልተፋቀ፣ የሚቻል ከሆነ ደግሞ «ኢንፎርምድ ስፖርት» ወይም «ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት» የሚል ማረጋገጫ ያለው ይሁን። እነዚህ ምርቱን በገለልተኛ ላብራቶሪ የሚያስፈትሹ ናቸው። ውጭ ዘመድ ካለህ እሱን አስልከህ ግዛ። ማረጋገጫውም ቢሆን በምልክቱ ሥዕል ብቻ አይታመንም፤ ድረ ገጻቸው ላይ ስሙን ፈልገህ አረጋግጥ።

መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ይህን አስተውል። ዌይ ውስጥ ካልሲየም አለ። ለእንቅርት ሆርሞን ማነስ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን፣ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮች ከካልሲየም ጋር ሲገናኙ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። በሰዓታት አራርቃቸው፤ ሌቮታይሮክሲኑን ቢያንስ በ4 ሰዓት።

ለመሆኑ ሁለት ስኩፕ ያስፈልግሃል ወይ? ብረት ለሚያነሳ ሰው በቀን በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የጡንቻው ጭማሪ እየከሳ ይሄዳል። አንተ 68 ኪሎ ነህ፣ ስለዚህ 109 ግራም ገደማ። ምግብህን እንቁጠር። ሦስት እንቁላል 18 ግራም። የጤፍ ዱቄት ከ100 ግራሙ 13 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ በቀን 200 ግራም ዱቄት የሚሆን እንጀራ በላህ እንበል፣ 26 ግራም። 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10 ግራም። ማታ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 26 ግራም። አንድ ብርጭቆ እርጎ 8 ግራም። ድምሩ 88 ነው። የጎደለህ 20 ግራም ገደማ ነው፤ ይህን ደግሞ አንድ ስኩፕ ወይም አንድ ሳህን ምስር ከሁለት ተጨማሪ እንቁላል ጋር ይሞላዋል። ሁለተኛው ስኩፕ ወደ ዩሪያና ወደ ሽንት ቤት ነው የሚሄደው። ገንዘቡ ግን ያንተ ነው።

ጾም ሲገባ ዌይ አይሆንህም፣ የፍስክ ነው። ኬዚንም እንደዚያው፣ እሱም ከወተት ነው። የጾም የሚሆነው የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን ነው። የአኩሪ አተሩ ቴስቶስትሮን ያወርዳል የሚባለው በወንዶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች አልተደገፈም። ግን ስለ እርሳሱ ያልኩህ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው፤ ከተክል የተሠራ ዱቄት በቀን ከአንድ ስኩፕ አይለፍ፣ የቸኮሌት ጣዕም ካለውም ቫኒላው ይሻላል፣ ኮኮዋ ካድሚየም ይስባልና። ሽሮና እንጀራ ግን ማንም ያላስተማረን ጥሩ ጥንድ ናቸው። ጥራጥሬው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ይበዛለታል፣ እህሉ ደግሞ ጥራጥሬው የሚጎድለውን ሜቲዮኒን ያመጣል። ምስር፣ ለውዝ፣ የሱፍ ፍትፍት ጨምርበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነ ከባዱን ሥራ ከመብላትህ በኋላ አድርገው፤ ውሃ ሳትጠጣ ብረት አትሸከም።

አሁን የምታደርገው ይህ ነው። ክሬቲኑን ዛሬ አቁም፣ ለአራት ሳምንት። ዱቄቱንም አብረህ አቁም፤ ሆድህና ጀርባህ ማን እንዳስቸገራቸው ያኔ ይለያል። በዚህ ሳምንት ሁለት ቀን ከጂም ዐርፈህ የሽንት ምርመራ አሠራ፣ ግፊትህን ተለካ። ሽንት ላይ ፕሮቲን ወይም ደም ከታየ ወይም ግፊትህ ከፍ ካለ አራት ሳምንት አትጠብቅ፣ ቀጥታ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ንጹሕ ከሆነ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ሁለት ቀን ዐርፈህ፣ በዋዜማውም ማታ ሥጋ ሳትበላ ክሪአቲኒኑን ድገመው። ከወረደ ጥፋተኛው ክሬቲኑ ሳይሆን አይቀርም። ካልወረደ ስለ ጡንቻህ የሚነግሩህን ሁሉ ትተህ ኩላሊትህን አስመርምር። ወርዶ ከሆነ በቀን አንድ ስኩፕ አይሶሌት በውሃ ትመለሳለህ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ክሬቲኑንም ከፈለግክ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል፤ ግን ከዚያ በኋላ ደም በሰጠህ ቁጥር ክሬቲን እንደምትወስድ ለሐኪሙ ንገረው።

በዚህ መሃል ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንትህ እንደ ኮካ ወይም እንደ ደማቅ ሻይ ከጠቆረ፣ ጡንቻህም አብጦ የማይነካ ከሆነ፣ ያ የተፈራረሰ ጡንቻ ኩላሊት ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ትሄዳለህ።

እናትህን ደግሞ ጣሳውን እንዳይጥሉት ለምናቸው። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ መለያው ላይ የተጻፈውንም፣ ያልተጻፈውንም ለማወቅ መነሻው እሱ ነው።